ወደቡ ዝም ባለበት ሰሞን

አዛውንቱ ሙንሳሚ አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት፣ በወረርሽኙ ምክንያት የወደብ ከተማዋ የደርባን ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተ በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ልጃቸው ሳሮጃ ጨቅላ ልጇን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። መግባትም ፈራች፤ መሸሽም ፈራች። በዚያ ሰሞን ሬሳ ራሱ ያስፈራ ነበር።

«የወደቡ ጭስ ነው የጨረሳቸው» አለ ባሏ ዴቫን፣ ለመጣችው የፖሊስ መርማሪ ለሌንጊዌ ንድሌላ። «ሠላሳ ዓመት ክሬን ላይ ሆነው ሲምጉት ኖሩ። ዛሬም ከንጋት ጀምሮ ሲያስሉ ሰምቻለሁ።»

መርማሪዋ ጭንብሏን አጥብቃ ገባች። ክፍሉ ከጋራዡ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ስትነካ ጣቷ ጠቆረ። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

«ያ ነጭ አንሶላ መቼ ተሰጣ?»

«ትናንት» አለች ሳሮጃ። «ድሮ ቢሆን እኮ በአንድ ሰዓት ጥላሸት ይለብስ ነበር።»

«ጋራዡ ውስጥ ያለውን መኪናስ ማን አስነሳው?»

«እኔ ትናንት ከሰዓት» አለ ታናሽ ወንድሟ ኩበን። «ባትሪው እንዳይሞት ብዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!»

«እኔም ዛሬ ጠዋት አስነስቼዋለሁ» አለ ዴቫን። «ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«የትናንት እራታቸውን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ» አለች ሳሮጃ። «ደህና ነበሩ። እየቀለዱ ነው የበሉት።»

መርማሪዋ ጋራዡን አይታ ተመለሰችና ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ አራርቃ አስቀመጠቻቸው። በእጇ የሟቹን ደብተር ይዛለች።

«አባታችሁ በየጠዋቱ የትንፋሻቸውን ኃይል በመለኪያ እየነፉ ይጽፉ ነበር። መርከቦቹና የጭነት መኪኖቹ ከቆሙ ወዲህ ቁጥሩ በየቀኑ ጨምሯል፤ ሳንባቸው እየተሻለው ነበር ማለት ነው። ከስድስት ቀን በፊት ‹ዛሬ አላሳለኝም› ይላል። ከዚያ ወዲህም ሳል የሚል ቃል የለም። ወይዘሮ ሳሮጃ፣ በሌላኛው ግድግዳ ማዶ የሚተኙት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ሳል ሰምተዋል?»

ሳሮጃ ባሏን ላለማየት ዓይኗን ልጇ ላይ ተከለች።

«አልሰማሁም። የሰማሁት... የመኪናውን ድምፅ ነው። ብዙ ቆየ።»

«የውጭው አየር ንጹሕ መሆኑን አንሶላው ይመሰክራል» አለች መርማሪዋ። «ጥቀርሻው ያለው ከጋራዡ በሚመጣው ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው። ጋራዡ ውስጥ የተጠቀለለው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ደግሞ በቀዳዳዋ ልክ ነው፤ አንዱ ጫፉ በመኪናው ጭስ ማውጫ ግለት ቀልጧል። ኩበን ካስነሳው በኋላ ሰውየው እራት በልተዋል። የቀረው የዛሬ ጠዋቱ ነው። ያልነበረ ሳል የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ ዴቫን።»

«በበሽታው የሞተ ሰው ቀብር ሄደው መጡ!» ዴቫን ጮኸ። «ቤታችን አራስ አለ! ሞትን ይዘው ሲገቡብኝ ዝም ልበል?»

«ከቀብሩ መልስ ራሳቸው ሄደው ተመርምረው ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ውጤቱ ዛሬ ረፋድ ላይ በስልካቸው ገብቷል። በሽታው የለባቸውም።»

ዴቫን እጁን ወደ ሕፃኗ ዘረጋ። ሳሮጃ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እንዳትጠጋን!»