የጋሼ ሞድ

«ቁጥሩን ትንሽ አሳድጊው፤ ትንሽ ብቻ» አሉ አጎቷ ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ሆነው።

ልጅቷ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫነች። ከመሪው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ የፍጥነት ቁጥሩ ወፈር አለ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ትንሽ።»

«ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ካደገ እኮ ጎረቤትም ያነበዋል!»

«ያንብባ! ምን አስደበቀን?» ብለው ሳቁ። «አንቺ ብቻ ሥራሽን ሥሪ፣ ሪሞት።»

«ሪሞት» ያሏት እሳቸው ናቸው፤ በቤቱ ውስጥ ቁልፍ ያለው ነገር ሁሉ የሚታዘዘው ለእሷ ስለሆነ። ዛሬ ግን ከቴሌቪዥን ከፍ ያለ ነገር ነው እጇ የገባው። ግቢው ውስጥ የቆመችው መኪና ቀይ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና። አጎቷ ከገዟት ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው።

አጎቷ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪ በቸኮለ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚሉ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ «ጋሼ ቀስ በቀስ» ሆነው ቀርተዋል። ጡረታ በወጡ በወሩ ይህችን መኪና ይዘው ብቅ ሲሉ ታዲያ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። «ይኸው እንቁላሉ ሮጠ!» ያላለ የለም። እሳቸው ግን ግድም አልሰጣቸው። «ዕድሜ ልኩን ፍሬን ላይ የኖረ እግር አንድ ቀን ነዳጅ ቢረግጥ ምን ይላችኋል?» አሉና አለፉት።

ዛሬ ታናሽ ወንድሟን ዋናው አስፋልት ላይ ሊያንሸራሽሩት ቃል ገብተውለታል። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ልብስ ቀይሯል፤ አሁን ደግሞ ጫማ ሊቀይር ቤት ገብቷል። እናታቸውም «ከወንድሜ ጋር ከሆነ ምን ሐሳብ አለኝ!» ብላ ፈቅዳለች።

መኪናዋ የመንዳት ሞዶች አሏት፤ አንዱ ለዝናብ፣ አንዱ ለከተማ፣ አንዱ ለስፖርት። አራተኛው «የግል» ይባላል። መሪው እንዲከብድ ወይም እንዲቀል፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲቆጣ ወይም እንዲታገሥ፣ ስክሪኑም ምን እንዲያሳይ ነጂው ራሱ የሚመርጥበት ነው። ልጅቷ የመኪናዋን መመሪያ ሌሊቱን አንብባ ስለመጣች በልቧ ሁሉን ጨርሳዋለች።

«በቃ ጋሼ፣ ሞተሩን ስፖርት ላይ፣ ድምፁንም ጨመር! ፋራ እንዳይባሉ።»

«የለም፣ ሞተሩ ይለዝብ።»

«የስፖርት መኪና ገዝተው?»

«ይለዝብ አልኩሽ እኮ።»

አለዘበችው። ቀጥሎ የስክሪኑን ቀይ ቀለም በነጭ እንድትለውጥላቸው ጠየቁ። የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን ክብ «ምን ይሠራልኛል?» ብለው አስጠፉት። መኪናዋ ጥላ ሥር ቆማ ሳለ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው አስጨመሩት። በመጨረሻም መኪናዋ ከመስመር ስትወጣና ዕቃ ስትጠጋ የምታሰማውን ጩኸት ከፍ እንድታደርግላቸው አዘዟት።

እዚህ ላይ የልጅቷ ጣት ቆመ። አጎቷ ይህን ጩኸት አይወዱትም ነበር። ተማሪዎቻቸውን «ዓይናችሁ እያለ ጆሯችሁን ምን አደከመው?» እያሉ ሲያስጠፏቸው ስንት ጊዜ ሰምታለች። ትልቁን ቁጥር፣ ነጩን ቀለም፣ ብርሃኑን፣ ጩኸቱን አንድ ላይ አሰበችው።

በስክሪኑ ግርጌ ትንሽ ቢጫ ጽሑፍ በርቷል።

«ጋሼ፣ ይቺ ታች ያለችው ምን ትላለች?»

አጎቷ ጎንበስ አሉ፤ ጥቂት ቆዩ። «ለመነሳት ዝግጁ ነው ትላለች» አሉ በልበ ሙሉነት።

ጽሑፉ የሚለው «የግራ በር ክፍት ነው» ነበር። ልጅቷ አንድ እግሯን ወደ ውጭ እንዳወጣች ነበር የተቀመጠችው።

«ባለፈው ወር መንጃ ፈቃድዎን ሲያሳድሱ ዓይንዎን አልመረመሩዎትም?» አለች ቀስ ብላ።

«መረመሩኝ እንጂ! አለፍኩ» አሉና እንደ ተያዘ ልጅ ፈገግ አሉ። «ያቺን የፊደል ሰሌዳ ስንት ዓመት ተማሪ ሳስፈትንባት ኖርኩ። በቃሌ ነው የማውቃት፤ ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም እወጣታለሁ።» ፈገግታቸው ግን አልቆየም። «ዳር ዳሩን አያለሁ። መሐሉ ነው የጨሰብኝ። ግድ የለሽም፣ ቁጥሩ ከታየኝ መንገዱን ልቤ ያውቀዋል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ በእኔና በአንቺ መሐል ይቅር።»

አንጀቷን በሏት። ብስክሌት ስትማር ኮርቻውን ይዘው ከኋላዋ የሮጡት እሳቸው ናቸው። አሥራ ስምንት ሲሞላት መኪና ሊያስተምሯት የማሉትም እሳቸው ናቸው። አሁን እምቢ ብትላቸው ዳግመኛ «ሪሞት» ብለው የሚጠሯት አልመሰላትም። መንገዱን ልባቸው ሊያውቀው ይችላል፤ ድንገት መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ግን በቃል አይጠናም። አጠገባቸው የሚቀመጠው ደግሞ ወንድሟ ነው።

ስክሪኑ «የመረጡት ይቀመጥ?» ብሎ ይጠብቃል። «አይ» የሚለውን ነካችው። ቁጥሩ አነሰ፤ ቀዩ ቀለም ተመለሰ።

«ምነው? ጠፋ እንዴ?»

«አላስቀመጥኩትም፣ ጋሼ።»

 አጎቷ ተማሪ በሚያንቀጠቅጠው ድምፃቸው «እንግዲያው ውረጂ፤ ያለ ቁጥርም እነዳለሁ» አሏት።

«አልወርድም።» ውጭ የነበረውን እግሯን አስገባች። «ይቆጡኝ። እኔ ሄጄ አላሳብቅብዎትም፤ ለእማዬ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። እስከዚያ ግን ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ይሄኔ ወንድሟ ጫማውን ቀይሮ እየሮጠ ደረሰ። «ተነሺ እንጂ! ተራው የኔ ነው!» ብሎ ክንዷን ጎተተ። እሷ መሪውን ጨበጠች። «ጋሼ፣ ውረጂ በሏት!»

አጎቷ ወደ ልጁ ዞሩ። ቀጥ ብለው ሳይሆን አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ነበር ያዩት። ልጅቷ ይህን ስታስተውል የመጀመሪያዋ ነው። ልጁን እንዲያ ሆነው ብዙ አዩት፤ የቀየረውን ጫማም በዓይናቸው የፈለጉት መሰላት።

«እናትህን ጥራልኝ» አሉ።

«ለምን? አንሄድም እንዴ?»

«ጥራልኝ የኔ ልጅ። የምነግራት አለኝ።»

ልጁ እያጉረመረመ ወደ ቤት ተመለሰ።  ልጅቷ አጎቷን አቅፋ ማልቀስ አማራት። ነገር ግን የእናቷ ኮቴ እስኪሰማ ድረስ እጆቿን ከመሪው ላይ አላነሳችም።