የኬሚስትሪዋ ሠላሳ ስምንት

«ሁለቱን አፍ መግጠም ብቻ ነው» አለች እታገኝ። የብዕሯ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። «3 የነበረው 8 ይሆናል፤ ሰማንያ ስምንት። ማን ያውቅብሻል?»

ወረቀቱ የጓደኛዋ የሱራያ የትምህርት ማስረጃ ነው። ሌላው ውጤቷ ደህና ነው፤ ኬሚስትሪ ግን ሠላሳ ስምንት ብላ ቁጭ ብላለች። ሁለቱም ዲላ፣ የነርስ ሠልጣኞች በሚመረጡበት ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የሱራያ አባት ቁርጡን ነግረዋታል፤ ዘንድሮ ካላለፈች ይርጋጨፌ ሱቃቸው ገብታ ስኳርና ጨው ትመዝናለች። እሷ ደግሞ ባለፈው ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቡሌ ዘምታ፣ የታመመ ልጅ አዝላ ግማሽ ቀን በጭቃ የምትጓዝ እናት ካየች ወዲህ ከነርስነት ሌላ አልታያት ብሏል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ልቧ ከጅሏል። ግን ሰማንያ ስምንት ያመጣች ልጅ ኬሚስትሪ ብትጠየቅ ምን ልትመልስ ነው? ወረቀቱን ከእታገኝ እጅ ወስዳ አጣጠፈችው። ወዲያው ስሟ ተጠራ።

መራጯ ሲስተር ጽጌማርያም ወረቀቱን አይተው ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሠላሳ ስምንት ናት፣ ሲስተር። ኬሚስትሪ እምቢ ብሎኛል።»

ሲስተር ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። አለቀልኝ አለች ሱራያ በሆዷ። በዚህ መሀል አንዲት ሴት እየሳለች ገባች፤ ወርቂቱ ትባላለች፣ የመጣችው ከቡሌ ነው።

«ጌዴኦኛ ትችያለሽ?» አሉ ሲስተር ወደ ሱራያ ዞረው።

«ሱቃችን የሚመጣው ሰው በሱ ነው የሚያወራኝ።»

«እንግዲያው ጠይቂልኝ። የሰባት ቀን ክኒን ሰጥቻት ነበር። በየቀኑ ውጫለሁ፣ አልቋል ትላለች፤ ሳሉ ግን እንዳለ ነው።»

ሱራያ ቡሌ ያሳደሯትን ሰዎች አስታወሰች። ይዛላቸው የሄደችውን አንዲት ብስኩት እንኳ ለአምስት ነበር የቆረሷት። ስለዚህ ዋጡት ወይ ብላ አልጠየቀችም።

«ክኒኑ ለማን ለማን ደረሰ?» አለቻት በጌዴኦኛ።

የወርቂቱ ፊት በራ። ለባሏ፣ ለአማቷ፣ ለጎረቤቷም ልጅ ደርሷል፤ እሱም ያስላል። «እያዩኝ ብቻዬን ልብላ እንዴ?» አለች ተገርማ።

ሱራያ አልሳቀችባትም። «ያመማቸው እዚህ መጥተው ይታዩ፤ የየራሳቸው ይሰጣቸዋል። አሁን የሚሰጥዎት ግን የእርስዎ ብቻ ነው፤ ለማንም አያካፍሉ» አለቻት። ከዚያ ለሲስተር ተረጎመች።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሦስት ሰው ጠይቋት ነበር እኮ፤ ይሄን ያወጣ ግን የለም» አሉ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሱ። «ተመርጠሻል። ግን መስከረም ላይ ኬሚስትሪ እንደገና ትፈተኛለሽ። ከሃምሳ በታች ካመጣሽ ወደ ሱቅሽ ነው።»

ሱራያ ውጭ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ደስታው ከእፎይታው ኋላ ቀስ ብሎ ነው የመጣላት። ለእታገኝ ሁሉንም ነገረቻት።

«ሠላሳ ስምንት ናት አልሻቸው? ጉደኛ ነሽ እኮ» አለች እታገኝ፣ ለመግባት የራሷን ወረቀት እያዘጋጀች። ኬሚስትሪ፣ ዘጠና አንድ ይላል፤ የእሷስ የእውነት ነው።

ሱራያ ብዕሩን ወሰደችና እታገኝ መዳፍ ላይ «ቅዳሜ ሦስት ሰዓት» ብላ ጻፈች።

«ዘጠና አንድሽን ብቻሽን አትብዪው» አለቻት። «ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንጀምራለን።»