የእማማ ሳይሚ ሁለተኛ ነጥብ

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። ብፈጥረው ኖሮ ጨለማ አደርገው ነበር።

የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰኔ ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ እዚሁ ፊንላንድ፣ ኦውሉ ከተማ። በዚያ ወር እኛ ዘንድ ሌሊቱም አይጨልምም። መደበቂያ የለም...

ስሜ ታይስቶ ነው። ፋብሪካችን ሲዘጋ፣ ልጆቼን የሚያክሉ ጎረምሶች የከፈቱት ድርጅት ውስጥ ሞካሪ ሰብሳቢ ሆኜ ገባሁ።

ሞካሪ ማለት፣ ዕቃ ለገበያ ሳይወጣ ቤቱ ወስዶ በነፃ የሚጠቀምና ጉድለት ሲያይ የሚናገር ሰው ነው። እኔ ሳውና ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጬ አግባባለሁ፣ ዕቃውን ቤታቸው ሄጄ እሰቅላለሁ፣ ስሞታቸውን ተሸክሜ እመለሳለሁ።

ለዚህ ሁሉ ልፋቴ የቢሮውን በር መክፈቻ ካርድ እንኳን ነፈጉኝ!

ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ የመስታወቱን በር ሦስቴ አንኳኩቼ ደጅ እጠናለሁ። ውስጥ ሆነው ያዩኛል። ወሬያቸውን ሲጨርሱ ይከፍቱልኛል።

ዕቃው ነጭ ሣጥን ነው። ካሜራ የለውም። ግን ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አረንጓዴ ነጥብ ያበራል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የታሰበ ነው። ከወደቁ እርዳታ ይጠራላቸዋል።

እማማ ሳይሚን ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። ሟቹ ባላቸው በእጁ በሠራው የእንጨት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። «ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» ይሉ ነበር ሁልጊዜ።

አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ታይስቶዬ... ይሄ ዕቃህ ሁለት ይላል።»

«እንግዳ አለ?»

«የለም። እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ያንሾካሹካሉ?»

ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ...

«እንዳይሰማኝ።»

ሄድኩ። የዓሣ ሾርባ ጠብቆኛል። ሣጥኑን አየሁት።

ሦስት ነጥብ።

አንዱ እኔ። አንዷ እሳቸው...

ከጠረጴዛው ወንበሮች አንዱ ወጣ ብሎ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ገፍቼ ወደ ቦታው መለስኩት። በላን። ሳህኔን አጥቤ ዘወር ስል፣ ወንበሩ እንደገና ወደ በሩ ዞሯል።

እማማ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ተወው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ደጅ ደጁን ማየት ይወዳል።»

ወደ ቢሮ ከንፌ ሄድኩ። አንኳኳሁ። ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ አለቃው ዩሶ ከፈተልኝ። ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ሌላ ሞካሪ አይቶታል?»

«አላየም።»

«እንግዲያው የለም ማለት ነው። ደንቡን ታውቃለህ፤ ሁለተኛ ሞካሪ ካላየው ጉድለት አይባልም።»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«አንተ መቼ ሞካሪ ሆንክ? አመላላሽ ነህ!»

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዩሶ የስሞታውን መዝጊያ ሪፖርት ጻፈ፤ «ዕቃው ደህና ነው። ሞካሪዋ አእምሯቸው ተምታቶባቸዋል።» ያቺን ቃል ለልጃቸው ለመርቪም ላካት። መርቪ ደግሞ እናቷን አረጋውያን ማቆያ ልታስገባ ሰበብ ስትፈልግ ነው የከረመችው።

ሳምንት አልሞላም፣ ወሰደቻቸው።

መኪናው መስኮት ላይ ደረስኩባቸው። እጄን ያዙኝ። ጣታቸው በረዶ ነበር።

«አንተ አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ እማማ።»

«ንገርልኝ። ወደ ቤቴ ልመለስ። ደግሞ... አሁን ብቻውን ቀረ።»

ዩሶ ሣጥኑን እንዳመጣ ላከኝ። አገራችን በሰኔ የምታከብረው የበጋ በዓል ዋዜማ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ወደየሐይቁ ዳር ወጥቷል። ቀትር ላይ ደረስኩ። ቤቱ ተራቁቷል። መጋረጃ የለ፣ ምንጣፍ የለ።

አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል።

ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ... እኔ ወደገባሁበት።

ሣጥኑ ላይ ሁለት ነጥብ በርቷል።

እንዴት ነቅዬው እንደወጣሁ አላውቅም። በባትሪ ይሠራልና አልጠፋም። መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ አስቀመጥኩት።

ሁለት።

እስከ ቢሮ ድረስ የኋላ ወንበሩን ዞሬ አላየሁም። ግን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቴ ንዴቴ ይብስ ነበር። ሣጥኑን ወንዝ ልጥለው እችል ነበር። አልጣልኩትም።

ቢሮው ውስጥ ዩሶ ብቻውን ነው። ሦስቴ አንኳኳሁ። ስልኩን እስኪጨርስ አቆመኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ሙት ያየህ መሰልክሳ!»

ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሦስት ነጥብ።

«ቁጠር» አልኩት።

«እ... አንተ ቦርጭህ ለሁለት ይበቃል። ለዚያ ነው!»

«ለመርቪ ደውል። እናትሽ ደህና ናቸው፣ እኛ ነን የተሳሳትነው በላት።»

«ሁለተኛ ሞካሪ ሳያየው? አይሆንም።»

«እሺ። እንግዲያው አንተው ሞክረው።»

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ዞሬ በመስታወቱ አየሁ።

አንዱ ነጥብ ጠፋ። የእኔ።

ሁለት ቀረ።

ዩሶ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነበር። ከዚያ ሣጥኑን አየ። በቀስታ ክፍሉን በዓይኑ ዞረው... ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

ግድግዳው ጥግ የነበረው የእንግዳ ወንበር ከቦታው ተነሥቷል። መሀል ወለል ላይ ሆኖ ወደ በሩ ዞሯል።

ወደ እኔ።

የዩሶ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጋሼ አላለኝም።

«ታይስቶ... ግባ።»

«በምን ካርድ?» ጮህኩ። «መጀመሪያ ለመርቪ ደውል!»

ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ከጠረጴዛው ኋላ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀርቷል። ስልኩ ፊት ለፊቱ ነው። አላነሣውም።

ያኔ፣ ልክ በደረቴ ትይዩ፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ተንኳኳ...

ልክ እኔ እንደማንኳኳው፣ ሦስቴ።

የዩሶ እጆች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።