የመሀሉ ቦታ

አራተኛው ጎል ሲገባ በረኛው ኢዶሳ ኳሷን ለማምጣት እንኳ አልሮጠም። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወርቅአፈራሁን ትኩር ብሎ አየው።

«ምን ታየኛለህ?» አለ ወርቅአፈራሁ።

«ከእኔ ፊት ለፊት ሰው አለ ወይ ብዬ ነዋ! መሀሉን እኮ ጥላችሁት ሄዳችኋል።»

ወርቅአፈራሁ ኳሷን ራሱ ሊያመጣ ሄደ። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው፤ የልደታ ልጆች አምበል ነው፤ የሚጫወተውም መሀል ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ግን ኳሷ በሄደችበት ሁሉ ሲሮጥ ዋለ፤ በደረሰ ቁጥር እሷ ሌላ ቦታ ናት። በግራና በቀኙ የተሰለፉት ሁለቱ ልጆች ደግሞ የእሱን እግር ተከትለው ይሮጣሉ። የጌጃ ሰፈር ልጆች ባዶውን መሀል እንደ ገዛ ግቢያቸው ተመላለሱበት።

ጊዜው ኅዳር 1931 ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የጌጃ ሰፈር ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ ወታደሮቹ የካሚዮን ማቆሚያ ስላደረጉት፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ሜዳ የሚፈልጉት ቡድኖች ሁለት ሆኑ። ሁሉም ከሥራና ከመላላክ የሚያርፈው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። ብዙ ከተደባደቡ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፣ ሁለቴ ያሸነፈ ሜዳውን ይይዛል። የመጀመሪያው ግጥሚያ ይኸው አራት ለባዶ አለቀ።

ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጋሽ ገረሱ ዙሪያ ተቀመጡ። ጋሽ ገረሱ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው ጫማ ሰፊ ነው። አንድ እግሩን ያነክሳል። ከጦርነቱ በፊት የግሪክና የአርመን ልጆች ሲጫወቱ እያየ ኳስ ወድዶ፣ የልደታ ልጆችን ኳስ ከቆዳ ቁርጥራጭ በገዛ እጁ ሰፍቶላቸዋል። አሠልጣኛቸውም እሱ ነው።

ጠጠሮች ለቅሞ መሬት ላይ ደረደረ። «እነዚህ ሁለቱ ከኋላ ናቸው። እነዚህ አምስቱ ከፊት። በመካከል ሦስት ልጆች አሉ። ሦስቱም እኩል ከሮጡ መሀሉ የማንም አይደለም። አንዱ መቆም አለበት። ቆሞ ኳስ ተቀብሎ፣ ቀና ብሎ ማን ክፍት እንደሆነ የሚያይ።» የመሀሉን ጠጠር በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «እንደዚያ ያለ ልጅ ነበረን» አለ።

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ኦልጅራን እንዳሰቡ ግን ያስታውቅ ነበር።

«የባንዳ ልጅ ከምናሰልፍ» አለ አጥቂው ፈቃደ፣ «ሜዳውን ብንለቅላቸው ይሻላል!»

ወርቅአፈራሁ ጠጠሮቹን እንጂ የማንንም ፊት አላየም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። ኦልጅራ ጠመንጃ ያዥ ከሚባለው ሰፈር እየመጣ ከእነሱ ጋር መጫወት ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነበር። አይጮህም፤ ብዙ አይሮጥም፤ ኳስ ግን እግሩ ሥር ስትገባ ሁሉም ይረጋጋል። ጋሽ ገረሱ አንድ ቀን፣ «ከእንግዲህ ኦልጅራ መሀል ይቁም፤ ወርቅአፈራሁ ወደ ቀኝ ይሂድ» አለ። ወርቅአፈራሁ ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ።

በሳምንቱ ወርቅአፈራሁ የኦልጅራን አባት ጋሽ ዋቅሹማን ልደታ መንገድ ላይ ከጣሊያን ፖሊሶቹ፣ ከካራቢኜሪዎች፣ መኪና ሲወርድ አየው። ሰውየው ይስቅ ነበር። ወርቅአፈራሁ ያየው ይኸን ብቻ ነው። ለፈቃደ ሲነግረው ግን በምላሱ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ «ወረቀት ሰጣቸው። ስም የተጻፈበት ወረቀት። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ፈቃደ ለሁሉም አዳረሰ። በማግሥቱ ኦልጅራ ወደ ሜዳው ሲመጣ ማንም ኳስ አላቀበለውም። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ወርቅአፈራሁ የመሀሉን ቦታ መልሶ አገኘ።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ገረሱ ወደ ሱቁ አስጠራው። የኳሷ ስፌት ለቅቆ ነበር። ወርቅአፈራሁ ጉልበቱ ላይ ጨብጦ ያዘለት፤ ጋሽ ገረሱ በወስፌ እየበሳ በሰም የታሸ ክር ያስገባል።

«ስለ ዋቅሹማ ያየኸውን» አለ ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሣ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ለምን ጠየቁኝ፣ ጋሽ ገረሱ?»

ጋሽ ገረሱ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ሳምንት ከጠመንጃ ያዥ ሁለት ሰዎች ተወስደዋል። የት እንዳሉ አይታወቅም። ማን እንደጠቆመባቸው የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። የዋቅሹማ ስም ተነሣ። ማን አየ ሲባል ደግሞ የአንተ ስም ተነሣ። እኔ ነገ ጠዋት መልስ አምጣ ተብያለሁ።»

በሰፈሩ ጋሽ ገረሱ ጫካ ካሉት አርበኞች ጋር ይላላካል እየተባለ ይታማ ነበር። ማንም ግን ፊት ለፊት ጠይቆት አያውቅም።

«የምሰጣቸው መልስ የሰው ነፍስ ነው» አለ ጋሽ ገረሱ። «ስለዚህ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ። የሰማኸውን አይደለም፤ የመሰለህንም አይደለም።»

ወርቅአፈራሁ «በደንብ አላስታውስም» ቢል ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል። እንዲህ ካለ ማንም ውሸታም አይለውም፤ ነገሩም ተድበስብሶ ያልፋል። ግን ያልፋል ወይ? ሰዎቹ «ልጁ ረስቶታል» ሲባሉ ዋቅሹማን ይተዉታል? ኦልጅራ ጠዋት ተነሥቶ አባቱን በር ላይ ወድቆ ሲያገኘው ታየው።

«ወረቀት አላየሁም» አለ።

ወስፌው ቆመ። «ምን አልክ?»

«ከመኪና ሲወርድ አይቻለሁ። ሲስቅ አይቻለሁ። ወረቀቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ውሸት ነው።»

«ለምን?»

«ኦልጅራ ቦታዬን ሊወስድብኝ ነበር።»

ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። ጋሽ ገረሱ አልመታውም፤ አልተቆጣም። ብድግ ብሎ ኮቱን ደረበ። «እስከ ነገ አላቆየውም። ሱቁን ጠብቅ» ብሎ እያነከሰ ወጣ። ወርቅአፈራሁ በዚያ እግር እንዲያ ሲፈጥን አይቶት አያውቅም።

ብቻውን ቀረ። አንዲት ሴት የልጇን ጫማ ልትወስድ መጥታ፣ «ገረሱ የት ሄደ?» ስትለው በእጁ ወደ መንገዱ አመለከታት። በመንገዱ ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ይነሣል፤ ሌላ ሰው ሲሆን ይቀመጣል። ፀሐይዋ ከሱቁ ደጃፍ ሸሽታ ከማዶ ግድግዳ ላይ ወጣች። ጋሽ ገረሱ ባይደርስስ? ሰዎቹ መልሱን ሳይጠብቁ ሄደው ቢሆንስ?

ጋሽ ገረሱ የመጣው ለሰዓት እላፊው ጥቂት ሲቀረው ነው። ፊቱ በላብ ርሷል። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ከእንስራው አንድ ጣሳ ውሃ እስከ መጨረሻው ጠጣ።

«ደረስኩ» አለ።

ወርቅአፈራሁ ማልቀስ ጀመረ፤ ሊያቆመውም አልቻለም። ጋሽ ገረሱ እስኪወጣለት ተወው።

«ሰውየው ቤቱ ነው። ማንም አይነካውም» አለ በመጨረሻ። «ስለነዚያ ሰዎች ለማንም አትተንፍስ፤ ለኦልጅራም ቢሆን። ውሸቱን ግን አንተው ነህ የምታነሣው። እሱን እኔ አልሠራልህም።»

በማግሥቱ ጠዋት ወርቅአፈራሁ ጠመንጃ ያዥ ወረደ። የኦልጅራ እናት እትዬ ደሚቱ በሩን ከፍታ ስታየው ደነገጠች፤ ከስድስት ወር ወዲህ ከኦልጅራ የኳስ ጓደኞች አንድም ወደዚያ በር መጥቶ አያውቅም።

«ግባ ልጄ» አለችው። «እናትህ ደህና ናት? ከእሷ ጋር እኮ መንገድ ላይ ስንተላለፍ ሰላም መባባል ትተናል። ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም።»

ወርቅአፈራሁ ያውቃል። ለእናቱም የነገራት እሱ ነው።

ጋሽ ዋቅሹማ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር። ኦልጅራ ከጓዳ ብቅ ብሎ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ወርቅአፈራሁ ሳይቀመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ያየውንም የጨመረውንም ነገራቸው።

ጋሽ ዋቅሹማ የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ።

«እስቅ ነበር?» አለ። «ሳልስቅ አልቀርም። መካኒክ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው አሳያቸውና፣ መኪናቸውን እንድጠግን በጠመንጃ አስገድደው ወሰዱኝ። ቀኑን ሙሉ አሠሩኝ። ሳይገድሉኝ አይመልሱኝም ብዬ ነበር። ልደታ ላይ ‹ውረድ› ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ነፍሱ ስትመለስለት እንዲያ ይስቃል፣ ልጄ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ዋቅሹማ።»

ሰውየው ማሰሪያውን ቋጥሮ ቀና አለ። «በእግርህ መጥተህ ነግረኸኛል» አለ። «ለእኔ ይበቃኛል። ልጄን ግን እሱን ራሱን ጠይቀው።»

ኦልጅራ ወደ ግቢው ወጥቶ ነበር። ወርቅአፈራሁ ተከተለው።

«ለኳስ?» አለ ኦልጅራ።

«አዎ።»

«ለኳስ ብለህ!» ኦልጅራ ወደ እሱ ዞረ። «በልደታ ሳልፍ ድንጋይ ወርውረውብኛል። አንተም ቆመህ ታይ ነበር።»

«አዎ፣ ቆሜ አይ ነበር።»

«በልጆቹ ሁሉ ፊት ትናገራለህ? ፈቃደም ባለበት?»

«ፈቃደም ባለበት።»

ኦልጅራ ጀርባውን ሰጠው። «እንግዲያው ነገ መጥቼ እሰማለሁ። እጫወታለሁ አላልኩም። እሰማለሁ ነው ያልኩት።»

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሁሉም ወደየሥራው ከመሄዱ በፊት፣ ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ኦልጅራ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆመ። ወርቅአፈራሁ ተናገረ። ሲጨርስ ፈቃደ ደረቱን ገፍትሮ መሬት ላይ ጣለው።

«ድንጋይ አስወረወርከኝ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ እኮ አምኜህ ነው! ወርውሬበታለሁ እኮ!» ሊደግመው እጁን ካነሣ በኋላ ተወውና ወደ ዛፉ ሄደ። ኦልጅራ ፊት ቆመ። «የቱ ጋ ነው የመታሁህ?» አለው።

ኦልጅራ ትከሻውን አሳየው። «አራዳ ነኝ ትላለህ እንጂ ስትወረውር ዒላማ አትመታም። ከአምስቱ አንዱ ነው ያገኘኝ።»

ፈቃደ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ጠረገ።

አምበልነቱ ለኢዶሳ ተሰጠ። ወርቅአፈራሁ አልተከራከረም። ኢዶሳ ግን መልሶ፣ «በቀኝ በኩል ካንተ የተሻለ የለንም፤ ትሮጥልናለህ» አለው።

ኦልጅራ «እጫወታለሁ» ብሎ ከጋሽ ገረሱ ረጅም ገመድ ተቀበለ። እሱ መሀሉን ይዞ፣ አንዱን ጫፍ ለወርቅአፈራሁ፣ ሌላውን ለግራው ልጅ ሰጠ። «ገመዱ ከላላ ተጠጋግተናል፤ ራቅ በሉ። ከእጃችሁ ሊወጣ ከደረሰ ርቃችኋል፤ ተመለሱ። ኳሷን ተዉአት፤ እኔን እዩ።» መጀመሪያ እየተራመዱ፣ ቀጥሎ እየሮጡ ሞከሩት። ወርቅአፈራሁ አሥር ጊዜ ያህል ገመዱን አላላው። በመጨረሻ ኦልጅራ ገመዱን ወስዶ ጠቀለለው። ወርቅአፈራሁም እጁ ባዶ ሆኖ እንኳ ርቀቱ ይሰማው ጀመር።

እሑድ ጌጃ ሰፈሮች እየዘፈኑ መጡ። ከዕረፍት በፊት አንድ አገቡ። የልደታ መሀል ግን አልፈረሰም። ኳስ ስትመጣ ኦልጅራ ያቆማታል፤ ቀና ይላል፤ ያኔ ሁሉም ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። ከዕረፍት በኋላ ፈቃደ አገባ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኦልጅራ የማያይ መስሎ አንድ ኳስ ወደ ቀኝ ሰደደ። ወርቅአፈራሁ እዚያ ነበር፤ አሻገራት፤ ፈቃደ በግንባሩ ገጫት። ሁለት ለአንድ።

ልጆቹ ተከማችተው ተቃቀፉ። ኦልጅራ ከክምሩ ሲወጣ ወርቅአፈራሁ ፊት ቆመ። እጁን አልዘረጋለትም። «የቀኙን ቦታ ሦስተኛው ጨዋታ ላይም ያዘው» ብቻ አለው፤ አቧራውን እያራገፈ ሄደ። ለወርቅአፈራሁ ከዚያ በላይ አላስፈለገውም።

ሌሎቹ እየዘፈኑ ወደ ጋሽ ገረሱ ሱቅ ሲወርዱ ጠሩት። «እደርስባችኋለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ታጠፈ።

እናቱ ወይዘሮ ሀረገወይን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ልብስ ትጥፍ ነበር። «አሸነፋችሁ? ፊትህ ይናገራል» አለችው።

«አሸንፈናል።» ከአጠገቧ ተቀመጠ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ አየ፤ እትዬ ደሚቱ ብቻዋን የምታልፍበትን። ሌሎቹም ጎረቤቶች ዘንድ መሄድ ሊኖርበት ነው፤ አንድ በአንድ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከዚህ ደጃፍ ይጀምራል።

«እማዬ» አለ፣ «መርፌውን አንዴ አስቀምጪው። የምነግርሽ ነገር አለ።»