የሙሽሪት የፊት ማጠቢያ

ጸሎት ፊቷን ታጥባ ቀና አለች። መስታወቱ ውስጥ ያየችው የሌላ ሰው ፊት ነው።

ጉንጯ ቀልቷል። ግንባሯ ሽፍ ብሏል። አገጯ በርበሬ የነካው ይመስል ያቃጥላታል። ሰርጓ ደግሞ እሁድ ነው።

አፍንጮ በር ሰፈር ያለው የሰርግ ቤት ታመሰ። ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ማማሰያቸውን እንደያዙ መጡ። ከሁሉ የባሱት የሙሽሪት አክስት እትዬ ለተክርስቶስ ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው ፒያሳ ወረዱ። «ሀጂራ ፎርጅድ የፊት ማጠቢያ ሸጣ ልጄን አቃጠለቻት» ብለው ከጊዮርጊስ እስከ ወርቅ ቤቶቹ ያልነገሩት ሰው የለም። ከዚያ ለፖሊስ አመለከቱ።

ሀጂራ ፒያሳ መዋቢያ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሱቁን ያቆመችው እናቷ ነች። በማግስቱ ሱቁ ጭር አለ። ደንበኞቿ ማዶ ተሻግረው ማለፍ ጀመሩ። የዚህ ሰፈር ወሬ አያድርስ ነው፤ ሱቅ ለመዝጋት ፖሊስም አያስፈልገው።

ኢንስፔክተር የሺዓለም ስትገባ ሀጂራ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ነበር።

«ፎርጅድ ትሸጫለሽ?»

«ወላሂ አልሸጥም። እኔም የምታጠበው በሱ ነው።»

«ለሙሽሪት ማን ገዛላት?»

«ሚዜዋ ሊያ። ሁለት ወሰደች፣ አንዱን ለራሷ።»

«ለስላሳ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«ታጥበሽ ስትጨርሺ ፊትሽን ካልወጠረሽ ለስላሳ ነው። ከወጠረሽ ወዝሽን ወስዶታል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄ ሱቅ ከተዘጋ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

የሺዓለም ከዚያው ዓይነት ያልተከፈተ ብልቃጥ ገዝታ ወጣች።

ቀጥሎ ሊያ። ሙሽራውን ቴዎድሮስን ከጸሎት በፊት የምታውቀው እሷ ናት ተብሏል። ፊቷ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ይሄ የሺዓለምን አላማራትም።

«ያንቺ ፊት እንዴት ተረፈ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያው አንድ ዓይነት ፌስዋሽ ነው።»

«ቴዎድሮስን ትወጂው ነበር?»

«ቴዲን?» ሊያ በሳቅ ፈረሰች። «የአክስቴ ልጅ ነው እኮ። እኔ ነኝ ያስተዋወቅኳቸው።»

የሺዓለም ሰርግ ቤቱ መታጠቢያ ቤት ገባች። በአዲሱ ብልቃጥ ግራ ክንዷን ታጠበች። አረፋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቆዳዋ ግን ልስልስ አለ። በሙሽሪት ብልቃጥ ቀኙን ታጠበች። አረፋው እስከ ክርኗ ወጣ፣ ሎሚ ሎሚ ሸተተ። ሲደርቅ ቆዳዋ ተወጠረ፣ ያሳክካት ጀመር።

ሀጂራ የሸጠችው ይሄን አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ነካክቶታል።

ማን? ቤቱ በዘመድ ጢም ብሏል፤ ቢጠየቅ ሁሉም በታቦት ይምላል። ስለዚህ አልጠየቀችም። አዲሱን ብልቃጥ በአሮጌው ቦታ አስቀመጠች፣ «ሙሽሪት ዛሬ በዚህ ትታጠባለች» ብላ አስወራች፣ ከበሩ ትይዩ ተቀመጠች። ሰርግ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ የለምና ትሪ ቀረበላት። ጉርሻም ተከተለ።

ጉርሻው አፏን ሞልቶት ሳለ እትዬ ለተክርስቶስ ወደ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ውሃ ተከፈተ።

«ኤዲያ፣ ይሄም አረፋ የለው» ሲሉ ተሰማ።

ወጥተው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። በነጠላቸው የሆነ ነገር ሸፍነው ተመለሱ። የሺዓለም በሩን ስትከፍተው የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ብልቃጡ ውስጥ እየቀዱ ነበር።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላጠናክረው ነዋ፣ ልጄ። አረፋ የሌለው ነገር ምን ቆሻሻ ያወጣል? ሙሽራ ናት፣ እንድትጠራልኝ ብዬ እኮ…»

እጃቸው ላይ ያለውን አዩት። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኳት?»

«እርስዎ ነዎት። ሻምፖ ሲያልቅ ውሃ የማይጨምር የለም፣ እትዬ። ፊት ግን ሳህን አይደለም።»

ጸሎት ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። ሐኪም ባዘዛት መሠረት በንጹህ ውሃ ብቻ ስትታጠብ ስለዋለች ቅላቱ በርዶላት ነበር።

እትዬ ግን አልሳቁም። ፒያሳ ተመልሰው ወሬውን የዘሩበትን በር ሁሉ አንኳኩ። «ሳሙናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሀጂራ ንጹህ ናት» አሉ፤ ለወርቅ ሠሪው፣ ለኬክ ቤቱ፣ ለታክሲ ተራ አስከባሪው። የማያውቋቸውን መንገደኞችም እያስቆሙ ነገሩ።

ሀጂራ ሱቅ ሲደርሱ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ሰው ግር ብሎ ተከትሏቸው ነበር። ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ ሀጂራ ከባንኮኒው ጀርባ ሮጣ ወጥታ አቀፈቻቸው።

«እናቴ ነዎት እኮ፣ እንዲህ አይደረግም» አለች። ተቃቅፈው አለቀሱ።

«ለኔም አንድ ስጪኝ» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ሌላዋም እጇን ዘረጋች። ሀጂራ እንባዋን ሳትጠርግ መሸጥ ጀመረች።