መርፌው አስር ላይ አደረ

«እዚህች ጋ ብቻ» አለ ኢንጂነር ጌዲዮን እስክሪብቶውን ለመርዋ እያቀበለ። «ከስምሽ ትይዩ።»

መርዋ እስክሪብቶውን ተቀበለችና ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች። ክፍሉ ውስጥ ይህን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ተክሌ ገጹን እንኳ ሳይገልጡ ፈርመዋል። የወላጆች ተወካይዋ ወይዘሮ አቻምየለሽ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ ኢንጂነሩ በጣቱ እየመራቸው ፈርመዋል። ባለ አራት ፎቅ የትምህርት ቤት ሕንፃ መረከብ ለእነዚህ ሰዎች ሻይ ከማዘዝ የቀለለ ሥራ ነበር። ሻዩን እንኳ ስኳሩ መብቃቱን ቀምሰው አረጋግጠዋል።

«ረጅም ነው እኮ» አለ ጌዲዮን ፈገግ ብሎ። «ቴክኒካል ነገር ነው፤ አትድከሚ።»

ፈገግታው አስጠላት። ነጭ ስኒከሩም አስጠላት። አቃቂ ጭቃ ውስጥ ሁለት ክረምት ሕንፃ ያሠራ ሰው ጫማው እንዲህ ሊነጣ የሚችለው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲያሠራ ብቻ ነው።

መርዋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት በሚባለው ኮሚቴ የተማሪዎች ተወካይ ሆና የተመረጠችው ሌላ እጁን ያወጣ ስላልነበረ ነው። አባቷ ሀይረዲን ግን ይህን አይሰማም። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ «ልጄ የሕንፃ ርክክብ ላይ ትፈርማለች» እያለ ሳሪስ አቦ ላሉ ጓደኞቹ ሁሉ አውርቷል።

ሕንፃው የሚመረቀው ቅዳሜ ነው፤ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሪባኑ ተገዝቷል። መቀሱ ትሪ ላይ ሆኖ አቶ ተክሌ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አበባ የተተከለባቸው ማሰሮዎች በኪራይ መጥተው ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ከእንግዶቹ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ከርክክቡ ሰነድ ኋላ አራት ገጾች ተያይዘዋል፤ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ። የውሃ መስመር የግፊት ሙከራ ይላሉ። ቧንቧው ውሃ ተሞልቶ፣ በእጅ ፓምፕ እስከ አስር ባር ግፊት ተወጥሮ፣ ሃያ አራት ሰዓት ቆይቶ የግፊት መለኪያው መርፌ አልወረደም። አንደኛ ፎቅ አስር። ሁለተኛ ፎቅ አስር። ሦስተኛና አራተኛም አስር። ኢንጂነሩ ለይምሰል እንኳ አንዱን ፎቅ ዘጠኝ ተኩል አላደረገውም።

መርዋ ይህን ሙከራ ታውቀዋለች። አባቷ ቧንቧ በዘረጋበት ቤት ሁሉ መርፌው አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ካላደረ በቀር ሴራሚክ ለጣፊ አያስገባም። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተጣልቶ ሥራ ጥሎ መጥቷል። ግድግዳው ከተሸፈነ በኋላ የሚያፈስ ቧንቧ የሚታወቀው ሰው ገብቶ ውሃ መጠቀም ሲጀምር ነው። ያኔ ወይ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ወይ ውሃው ይዘጋል።

ቀኖቹን አየች። ኅዳር ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ያ ሳምንት ትዝ አላት። አቃቂ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ሽንት ቤቱ ስለከረፋ አቶ ተክሌ ተማሪውን በሙሉ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ሲሰዱት ሰነበቱ፤ ማስታወቂያው ላይ የራሳቸው ፊርማና ማኅተም ነበር። ጌዲዮን የሰፈሩ ሰው አይደለም፤ ቀኑን ከካላንደር ላይ ለቅሞ ነው የሞላው። አቶ ተክሌ ግን እዚሁ ነበሩ።

ልትናገር አፏን ስትከፍት የገጹን ግርጌ አየች። «ሙከራውን የታዘበው የተጠቃሚ ተወካይ» ይላል። ፊርማው የራሷ ነበር፤ አራቱም ገጽ ላይ።

ፊቷ ጋለ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ዓርብ ከሰዓት ነበር። ጓደኛዋ ማህሌት ሳሪስ አዲስ የተከፈተ በርገር ቤት ልትጋብዛት ስታጣድፋት፣ ጌዲዮን በር ላይ አስቆማቸው። መምህራኑ አራት ፎቅ መውጣት ስለከበዳቸው ታዛቢነቱ ለተማሪ ተወካይ ተሰጥቶ ነበር። «እዚያ ድረስ አትልፊ፣ ተሞክሮ አልቋል» አላት። እሷም ወረቀቱን ማህሌት ጀርባ ላይ ዘርግታ አራት ጊዜ ሞነጫጨረች። አላነበበችም። ወይዘሮ አቻምየለሽ እንኳ መነጽር የለኝም ይላሉ፤ እሷ ምን ልትል ነው?

«አንድ ጊዜ ላየው» ብላ ሰነዱን ይዛ ተነሳች።

«ምኑን?» አለ ጌዲዮን።

«ሕንፃውን።»

አቶ ተክሌ ሳቁ። «ሂጂ፣ ሂጂ። ልጆች ፎቅ ይወዳሉ።»

ማህሌት ኮሪደሩ ላይ ስልኳን እየነካካች ትጠብቃት ነበር። መርዋ የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት።

«ኧረ አታካብጂ በናትሽ» አለች ማህሌት። «አንቺ ባትፈርሚ እነሱ ይተዉታል? ሌላ ተወካይ ይመርጣሉ፤ አለቀ።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«የምን ሽንት ቤት?»

መርዋ በእጇ ግቢው ጥግ ያለውን ብሎክ አሳየቻት። ከአራት ዓመት በፊት እሱም በሪባንና በጭብጨባ ተመርቆ ነበር። በሁለተኛው ወር የሴቶች ሽንት ቤት ግድግዳ ማላብ ጀመረ፣ በሦስተኛው ወር ቁልፍ ገባበት፣ አሁን መጥረጊያና የተሰበረ ዴስክ ያድርበታል። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ አማራጯ ቤቷ መሄድ ነው። መርዋ ባለፈው ወር የሒሳብ ፈተና ያመለጣት በዚሁ ነው። ማህሌትም ከእያንዳንዱ ወር ሁለት ቀን ትቀራለች፤ ለአስተማሪው ግን ራስ ምታት ነው የምትለው።

«አዲሱም እንደዚያ ሊሆን ነው» አለች መርዋ።

ማህሌት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ለምደነዋል እኮ።»

መርዋን ከጠዋት ጀምሮ ከሰማችው ነገር ሁሉ ይበልጥ ያናደዳት ይህኛው ነበር። ፊቷን አዙራ የአዲሱን ሕንፃ ደረጃ ወጣች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሕንፃው ቧንቧ ሠራተኛ ጋሽ ሰቦቃ የሴቶች ሽንት ቤት ውስጥ ተንበርክኮ የእጅ መታጠቢያ ላቫንዲኖ ያጠብቃል። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል። ቧንቧውን ከፈተችው፤ አየር እንኳ አልወጣም።

«የሀይረዲን ልጅ አይደለሽ?» አላት። «አይከፈትም፣ ልጄ። ውሃ አልተለቀቀበትም።»

«ኅዳር አሥር ተሞክሯል ይላል እኮ።» ወረቀቱን አሳየችው።

ሰቦቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አነበበ። ከዚያ እንደ ማሳል ብሎ ሳቀ። «በምን ውሃ? የሙከራ ፓምፑ እስካሁን ከነካርቶኑ ስቶር ነው። ውሃ እስኪመጣ እንጠብቅ አልኩት ኢንጂነሩን። ምርቃቱ ውሃ አይጠብቅም ብሎ ሴራሚክ ለጣፊዎቹን አስገባቸው።»

«ያፈስ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የፕላስቲክ ቧንቧ የሚበየደው በሙቀት ነው። ይሄን ፎቅ ስንበይድ መብራት ሄድ መጣ ሲል ነበር። ማሽኑ በርዶብን የገጠምነው መገጣጠሚያ አለ፤ የትኛው እንደሆነ እኔም አላስታውስም። ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ማሞቂያማ ከናካቴው ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም። ከታች ሲያዩት ግን ያምራል።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ለአንደኛ ፎቅ ብቻ ውሃ እንለቃለን። አንድ ቧንቧ ይከፍታሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ።»

«ለምን አልተናገሩም፣ ጋሽ ሰቦቃ?»

ሰቦቃ ወደ ላቫንዲኖው ተመለሰ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። እሱ ነገ ሌላ ሰው ያመጣል።»

መርዋ እሱንም ልትንቀው ፈለገች፤ ቀላል ነበር። ግን የሰቦቃ ዝምታ ሦስት ልጆች አሉበት። የእሷ ፊርማ አንድ በርገር ነው ያለበት። ይህን ስታስብ ደረጃውን የወጣችበት ኩራት እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ።

አቶ ተክሌ ቢሮ ስትመለስ ሁለተኛ ሻይ መጥቷል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይሄ ሙከራ አልተደረገም» አለች። «ያን ሳምንት ውሃ አልነበረም።»

ጌዲዮን ዓይኑን ሳያርገበግብ «በቦቴ አስመጥተን ነው የሞላነው» አለ።

መርዋ ወደ አቶ ተክሌ ዞረች። «ጋሽ ተክሌ፣ ያን ሳምንት ግቢው ውስጥ የውሃ ቦቴ ቢገባ ኖሮ እኛን ወደ ቤት ይሰዱን ነበር?»

አቶ ተክሌ ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ማማሰሉን አላቆሙም። ወይዘሮ አቻምየለሽ «ምንድን ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁ።

«አንቺ ልጅ» አለ ጌዲዮን። አሁን ፈገግታው የለም። አራቱን ገጾች ወደ እሷ ገፋና ጣቱን ፊርማዋ ላይ አሳረፈ። «ይሄ የማን ነው? አይቻለሁ ብለሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም? ወይ ያኔ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽ ነው። የቱ ነው?»

አቶ ተክሌ የሚይዙት ነገር ስላገኙ ቀና አሉ። «ሐሰተኛ ምስክርነት ቀላል ጥፋት እንዳይመስልሽ፣ መርዋ። ከኅብረቱ ትወጫለሽ። አባትሽን እጠራለሁ። ፈርመሽ ብትጨርሺው ግን ማንም ምንም አያነሳም።»

እሳቸው ራሳቸው ከዚህ የባሰውን የርክክቡን ሰነድ ሳያነቡ ፈርመዋል። ቢሆንም ስለ እሷ ያሉት እውነት ነበር፤ የሚያቃጥለውም ይህ ነው። አባቷ ታወሳት። በልጁ ፊርማ ሲኮራ፣ ለሰው ሁሉ ሲያወራ። ያልተሞከረ ቧንቧ ላይ «አይቻለሁ» ብላ መፈረሟን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል መገመት አልከበዳትም። ከትምህርት ቤት ቢያስወጧት ይሻላት ነበር።

እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው። ዝም ብላ ብትፈርም ከዚህ ክፍል ተከብራ ትወጣለች፤ ቅዳሜ አበባ ይዛ ከፊት ትቆማለች።

ከርክክቡ ሰነድ ላይ እጇን አነሳችና አራቱን ገጾች ወደ ራሷ ሳበች። የመጀመሪያው ላይ ፊርማዋን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከጎኑ ጻፈች፦ «ሙከራው ሲደረግ አላየሁም። ሳላነብ ፈርሜ ነበር። መርዋ ሀይረዲን።» ሁለተኛው ላይም ያንኑ ጻፈች። ሦስተኛው ላይ ስለቸኮለች ፊደሉ ተጣመመ፤ አራተኛውን ቀስ ብላ ጻፈችው።

«አበላሸችው!» አለ ጌዲዮን። «ሰነዱን አበላሸችው እኮ!»

አቶ ተክሌ ስልካቸውን አነሱ። «የአባትሽን ቁጥር ንገሪኝ።»

«እኔ እደውላለሁ» አለች መርዋ።

ሦስቴ ጠርቶ ተነሳ። ከጀርባ የመሰርሰሪያ ድምፅ ይሰማል።

«አባዬ» አለች። «የአዲሱ ሕንፃ ቧንቧ ሲሞከር ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። አራቱንም ፎቅ። አሁን ሰርዤዋለሁ።»

መሰርሰሪያው ቆመ።

«ስንት ባር ብለሽ ነው የፈረምሽው?» አላት አባቷ። ድምፁ ውስጥ የለመደችው ሳቅ አልነበረም።

«አስር።»

«ሴራሚኩ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ዛሬ ውሃ አላችሁ?»

«ጠዋት መጥቷል።»

ዕቃውን ሲሰበስብ ተሰማት። «የአንቺን ጉዳይ ማታ እንነጋገራለን» አላት። «ፓምፔን ይዤ መጣሁ። እስክመጣ ድረስ ማንም ምንም እንዳይነካ።» ዘጋው።

አቶ ተክሌና ጌዲዮን ያዩዋታል። ወይዘሮ አቻምየለሽ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው፣ ዓይናቸውን አጨማድደው ለማንበብ ይታገላሉ።

«ምን አለሽ?» አሉ አቶ ተክሌ።

«ፓምፕ ይዞ እየመጣ ነው» አለች መርዋ። ከግድግዳው ሥር ወንበር ሳበችና በሩ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። አራቱን ገጾች ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።