የምድር ቤቱ በር ከረሜላ

ቀጣፊ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይሄን ግን አልቀጠፍኩም... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነው።

አያቴ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የእኔን ስም፣ ቀጥሎ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ።

"በሩ ላይ የሚወደውን ነገር አስቀምጡለት" አለችን ሐኪሟ። "ጭንቅላቱ ስም ቢረሳም ጣፋጭ ያገኘበትን ቦታ ቶሎ አይለቅም።"

በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የማር ከረሜላ በክር አስሬ የሽንት ቤቱ በር እጀታ ላይ አንጠለጥል ጀመር።

"ጎበዝ አባባ! ይኸው ሽልማትህ!"

በሳምንቱ ለመደው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ብድግ... ገና ኮሪደሩ ላይ ምራቁ ይዝረበረባል። ጋደም ሲል እንኳ እግሮቹ ይራመዳሉ።

እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥም። ከረሜላውን እህቴ በር ላይ አዞርኩት። ሰተት ብሎ ሲገባባት የጮኸችው ጩኸት! በሳቅ ፈረስኩ።

ከዚያ ምድር ቤቱ በር ላይ። ደረጃው ገደል ነው፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል።

ሦስት ቀን መጣ፣ ሦስት ቀን በላ። በአራተኛው ሰለቸኝና አነሳሁት።

እሱ ግን መጣ።

እጀታውን ዳበሰ... የለም። በሩን ከፈተ። ጨለማውን ዳበሰ።

ከኋላው ቆሜ አፌን ይዤ እስቃለሁ።

"አባባ... ትንሽ ወረድ በል" አልኩት።

ወረደ።

"ማንም ሳያየው ነው የሄደው" አልኳቸው። ቀበርነው። የምድር ቤቱን በር በምስማር ቸነከርነው።

በሦስተኛው ሳምንት የመኝታ ክፍሌ በር እጀታ ላይ የማር ከረሜላ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የእህቴ ተንኮል መስሎኝ ቆረጠምኩት።

በማግስቱ ሽንት ቤቱ በር ላይ። በሌላው ቀን እህቴ በር ላይ። ሁሌም ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁሌም ቆረጠምኩት።

"አንቺ ነሽ አይደል?"

"እኔ? ከአባባ ሞት ወዲህ ከረሜላ ሳይ ያመኛል" አለች በሹክሹክታ። "ይልቅ አንተ... ተኝተህ እግርህ ምን ሆኖ ነው የሚራመደው?"

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሳላስበው ብድግ አልኩ። ኮሪደሩ ላይ አፌ ምራቅ ሞላ።

የምድር ቤቱ እጀታ ላይ ምንም የለም።

በሩ ግን... ገርበብ ብሏል። ምስማሮቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል።

ከታች የከረሜላ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

"ጎበዝ..."

ይሄን በስልኬ የምጽፍላችሁ የበሩ ደፍ ላይ ቆሜ ነው። ልመለስ እያልኩ ነው።

አንድ እግሬ ግን ቀድሞኝ ወርዷል።